ሳልዘል የጻፍኩት ዝላይ

ሰኞ 1

ከዚህ ደብተር እንዳይወጣ እንጂ አንድ ጉድ ልናገር። ቅዳሜ ዕለት የዋና ልብሴን የፊቱን ወደ ኋላ አድርጌ ለብሼ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ በሰው ፊት ተንጎራድጃለሁ። ጉሮሮዬን ሲያንቀኝ «እንግዲህ ፍርሃት የሚሉት ይሄ ነው» ብዬ ለመጽሔት ዓምዴ የሚሆን ቃላት ሁሉ መርጬለት ነበር። አብሮኝ ዋና የሚማረው ጡረተኛ ፖስተኛ ነው በመጨረሻ ጠጋ ብሎ «እመቤቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ልብስዎ አድራሻ ተሳስቷል» ያለኝ።

እንዴት እዚያ እንደደረስኩ ልጻፈው፣ ኋላ ለራሴም ተረት እንዳይመስለኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ በመጽሔት ላይ ሰውን «ድፈሩ፣ ሞክሩ፣ ከቤት ውጡ» ስል ከርሜ፣ አንዲት አንባቢ «አንቺ ራስሽ ምን ደፍረሽ ታውቂያለሽ?» ብላ ጻፈችልኝ። አለቃዬ፣ ማለትም ዋና አዘጋጁ፣ ደብዳቤውን ከእኔ ቀድሞ አንብቦት ኖሮ እየሳቀ መጣ። «በይ እስቲ፣ ከሁሉ የምትፈሪው ምንድነው?» «ውሃ» አልኩት። ምነው ያኔ አፌን በዘጋው! በሳምንቱ ለጀማሪዎች የዋና ትምህርት ተመዘገብኩ።

ፈተናው የፊታችን ቅዳሜ ነው። ከጥልቁ ዳር ዘሎ መግባት፣ ከዚያ አሥራ አምስት ሜትር ዋኝቶ ማዶ መድረስ። አሰልጣኛችንን ፊሽካ ነው የምንላት፤ ከምትናገረው የምትነፋው ይበልጣል። እኔ እስካሁን ጭንቅላቴን አንድም ቀን ውሃ ውስጥ አልነከርኩም። ፊሽካ ስታየኝ ጎንበስ፣ ዞር ስትል ቀና። በሃምሳ ሁለት ዓመቴ ክፍል ውስጥ እኮርጃለሁ።

ቤት ደግሞ እትዬ አለች። ታላቅ እህቴ ናት፤ እናታችን ስትሞት እኔ ስድስት፣ እሷ ሃያ ዓመቷ ነበር። እሷው አሳደገችኝ። ከቤታችን ሥር፣ ምድር ቤቱ ላይ፣ ሠላሳ አምስት ዓመት የሴቶች ፀጉር ቤት ነበራት። አላት ማለቴ ነው። ከአራት ወር በፊት ወደዚያው ስትወርድ ደረጃው ላይ ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ። ብረት ገባለት፣ ገጠመ። እሷ ግን አልነሳም ብላለች። የሰጧትን ባለ አራት እግር ምርኩዝ «ፍየሏ» ብላ ስም አውጥታላት፣ ጥግ ላይ አቁማታለች። «በስተርጅና ፍየል ጠባቂ አልሆንም» ትላለች። እስቃለሁ። ከሳቅኩ በኋላ ግን ምንም አያስቅም።

ሐሙስ 4

ሩጫ ላይ ነኝ። ጽሑፍ እስከ እኩለ ቀን ይግባ ተባለ። መጽሔቱ ገበያ ላይ የሚውለው ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው፤ የቅዳሜውን ዝላይ ዛሬ ካልጻፍኩት ወሩ ያመልጠኛል። በእኛ ሙያ ነውር አይደለም፤ ብርዱ ሳይመጣ ስለ ብርዱ፣ ትምህርት ቤት ሳይከፈት ስለ መከፈቱ ስንጽፍ ነው የኖርነው። እና ጻፍኩት። «ዘለልኩ። ውሃው እንደ በር ተከፈተልኝ።» ደግሞ አምሮበታል! እኔው ጽፌው እኔው እንባዬ መጣ።

ላክሁት። ለእትዬ ሳላነብላት የላክሁት የመጀመሪያው ጽሑፌ ነው። ራጅ ልትነሳ ወጥታ ነበር፤ ሁለት ጎረቤቶች ከነወንበሯ ተሸክመው አወረዷት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነው የወረደችው።

አመሻሽ ላይ። ሐኪሙ ለብቻዬ አነጋገረኝ። «አጥንቷ ደህና ነው። ጡንቻዋ ነው እየሟሸሸ ያለው። በዚህ አንድ ወር ካልተራመደች፣ በኋላ ብትፈልግም አትችልም።» ለእሷ አልነገርኳትም። ምን ብዬ?

ቅዳሜ 6

አልዘለልኩም።

ይኸው ጻፍኩት። ፖስተኛው ቀድሞኝ ዘለለ። ሰባ ዓመቱ ነው፤ አፍንጫውን ቆንጥጦ ይዞ እንደ ጆንያ ተጣለ፤ ማዶ ሲነካ «ደረሰ!» ብሎ ጮኸ፣ ደብዳቤ ያስረከበ ይመስል። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ከዚያ ተራዬ ሆነ። የእግሬን ጣቶች ዳሩ ላይ አቆላልፌ ቆምኩ። ፊሽካ ነፋች። ደግማ ነፋች። በሦስተኛው እኔ ሄጄ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። ማንም አልሳቀብኝም፤ ቢስቁ ይሻለኝ ነበር።

ልጅ ሆኜ ኩሬ ውስጥ ገብቼ ነበር። ከታች ያለውን አረንጓዴ ጨለማ ዛሬም አውቀዋለሁ። እትዬ ናት በፀጉሬ ጎትታ ያወጣችኝ። ይህንን ለምን እንደምጽፍ አላውቅም፤ ለዓምዴም ጽፌው አላውቅም።

ቤት ገባሁ። አንድ ልማድ አለን፤ ጽሑፍ ሳነብላት ከአልጋዋ ሥር መሬት ላይ ጀርባዬን ሰጥቼ እቀመጣለሁ፣ እሷ ፀጉሬን ታበጥራለች። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ነው። ዛሬም ተቀመጥኩ። ጣቶቿን ከማጅራቴ አስገብታ ወደ ጆሮዬ ግንድ አመጣቻቸውና እዚያ አቆመቻቸው።

«ዘለልሽ?» አለችኝ።

ወረቀቱን አወጣሁና አነበብኩላት። ሙሉውን። በሩን፣ መከፈቱን፣ ማዶ ስደርስ የተሰማኝን ሁሉ። ስጨርስ ጣቶቿ አሁንም ጆሮዬ ግንድ ላይ ነበሩ።

«ጆሮሽ ውስጥ ውሃ አልገባም?»

«ኮፍያ አለ እኮ፣ እትዬ።»

«አሃ። ኮፍያ።»

ማበጠሪያውን አስቀመጠች። ጥግ ጥጉን አየች። አራት ወር ለምነን፣ አስለምነን፣ ተቆጥተን ያላገኘነውን አለች፦

«በይ ፍየሏን አምጪያት።»

ሦስት እርምጃ ሄደች። ከአልጋው እስከ ቁም ሣጥኑ። ላብ በግንባሯ እየወረደ፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ ሦስት። እንዲህ ዓይነት ሰው አይቼ አላውቅም። እኔ አሥራ አምስት ሜትር ውሃ ፈርቼ፣ እሷ በእኔ ውሸት ተነሳች።

እሑድ 7

ሰባት እርምጃ!

ልንገራት ወይስ ልተው? ብነግራት ተመልሳ ብትቀመጥስ? ሐኪሙ አንድ ወር ነው ያለው። ሃያ ዓመት ሰውን ስመክር የኖርኩ ሴት!

ረቡዕ 10

ፊሽካን ለመንኳት። «እንደገና ልሞክር።»

«አንቺ? ስድስት ሳምንት ስትሸውጂኝ ያላየሁ መሰለሽ?» አለች። ከዚያ ወደ ፖስተኛው ዞረች፤ ፈተናውን አልፎም ይመጣል። «ቤት ምን አለኝ፣ ግድግዳ!» ይላል። «እርስዎ ትንፋሽ ያስተምሯት። ትንፋሽ ሳታወጣ ወደ ጥልቁ አትመጣብኝም» አለችው።

ፖስተኛው ትምህርቱን በሳፋ ጀምሪ አለኝ። ውሃ ሞልተሽ፣ ፊትሽን ነክረሽ፣ አረፋ እያወጣሽ ተንፍሺ። መታጠቢያ ቤት ቆልፌ ስሞክር እትዬ ከውጭ «ምንድነው እዚያ የሚፈላው?» አለችኝ። ከውጭ! ከመታጠቢያ ቤቱ በር ላይ! በእግሯ መጥታ!

ቅዳሜ 13

ዛሬም ውሃው ከደረቴ አላለፈም። ቤት ከመግባቴ በፊት ግን ፀጉሬን በቧንቧ አራስኩት። ያሳፍራል፤ ይታወቅልኝ።

እትዬ ዳሰሰችው። «የዋና ገንዳ ውሃ ድሮ ፀጉር ያሻክር ነበር። ደንበኞቼ ሲመጡ ገመድ ገመድ ይል ነበር። አሁን ተሻሽሏል ማለት ነው፤ ለስልሷል።»

«ተሻሽሏል» አልኩ።

«ሽታም የለውም።»

«አዲስ ማጣሪያ አስገብተዋል።»

«ጎበዞች» አለች።

አልጠረጠረችም፣ ተመስገን። ኮሪደሩን ሁለት ጊዜ ተመላለሰች። ሁለተኛው ዙር ለምን እንደሆነ ስጠይቃት «አንቺ ስንት ጊዜ ትዋኛለሽ? ከአንቺ ማነስ የለብኝም» አለች።

ሰኞ 22

የጽሑፌ ማረሚያ መጣ። ለመጨረሻ ጊዜ የሚታይበት ቀን ነው፤ ከዛሬ በኋላ ገጹ ይዘጋል፣ ማተሚያ ቤት ይገባል።

አለቃዬ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋው። «በሃያ ዓመት ከጻፍሽው ሁሉ ይሄ ይበልጣል። ሽፋኑ ላይ አውጥቼዋለሁ።»

«ይሄ ጽሑፍ…» አልኩ።

«ምን ሆነ?»

ዛሬ ጠዋት እትዬ ማእድ ቤት ድረስ ሄዳ የራሷን ሻይ አፍልታለች። ያንን ሻይ እያሰብኩ ነበር። ጽሑፉ ካልወጣ ለምን ቀረ ትለኛለች። ምን እላታለሁ?

«…ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ነጠላ ሰረዝ ጎድሎታል።»

ነጠላ ሰረዟን አስገባ። ሄደ። ካፍ ከወጣ አፋፍ። እንግዲህ የቀረኝ አንድ መንገድ ብቻ ነው፤ መጽሔቱ ከመውጣቱ በፊት ጽሑፉን እውነት ማድረግ። አሥራ ሰባት ቀን አለኝ።

ረቡዕ 24

ነከርኩት!! ጭንቅላቴን! ሙሉውን!

ፖስተኛው እጄን ይዞ «አንድ፣ ሁለት» ብሎ ሦስትን ሳይጨርስ ወረድኩ። አይበቃኝም ብዬ ስምንት ጊዜ ደጋገምኩት። ከታች አረንጓዴ አይደለም። ሰማያዊ ነው፤ የሰው እግር ይታያል፤ የፖስተኛው ጥፍር መቆረጥ አለበት። ኮፍያዬ በስድስተኛው ላይ ወልቆ ሄደ፤ አልፈለግኩትም።

ቤት ስገባ እትዬ ሳሎን ቆማ ነበር። ጠርታኝ ፀጉሬን አሸተተች። ደግማ አሸተተች። ዓይኗ ሙሉ ውሃ ሆነ፤ ክሎሪኑ ነው መሰለኝ የቆጠቆጣት። «ነይ፣ ዛሬ እኔ ልጠብሽ» አለች።

እጅ መታጠቢያው ላይ አጎነበሰችኝ፤ ድሮ በልጅነቴ እንደምታደርገው። በአንድ እጇ ፍየሏን ይዛ፣ በአንድ እጇ አሸችኝ። ሁለቴ አለቀለቀችኝ። አሥራ ሁለት ደቂቃ ቆመች! ሰዓት ይዤባታለሁ። መራመድ የሚያለማምዳት የእግር ሐኪሟ ለዚህ ሳምንት አምስት ደቂቃ ብቻ ነበር የጻፈላት። ምን እንዳነሳሳት እንጃ፤ ደስ ያላት ትመስላለች። ፎጣውን ስትጠቀልልልኝ «ይሄ ነው እንጂ ፀጉር ቤት» እያለች ታንጎራጉር ነበር።

ቅዳሜ 27

ዳሩ ላይ ቆምኩ። ተመለስኩ። መንከሩን ችያለሁ፣ ጥልቀት በሌለው በኩል ወደ ማዶ መዋኘትም አላቃተኝም፤ ያቺን አንዲት ዝላይ ነው ያልቻልኩት። ለመዝለል መሬቱን መልቀቅ አለ።

የሚገርመው እትዬም ዛሬ አልሆነላትም። ደረጃው አናት ላይ ወጥታ፣ መደገፊያውን ይዛ ቁልቁል አየች። አሥራ አራት ደረጃ ነው። ጉልበቷ ሲንቀጠቀጥ አየሁት። ተመለሰች። «ዛሬ አልሆነልኝም፤ አንቺስ?»

«እኔማ ደህና ነኝ» አልኩ። ደህና!

ከሰዓት በኋላ ስልክ ላይ ከአንዲት የድሮ ደንበኛዋ ጋር ስታወራ በበሩ ሰማኋት። «እኔን ተይኝ እባክሽ፣ እኔ እንደምንም ነኝ። እሷ ናት እንጂ ያሳሰበችኝ። እሷ እስክትገባ ድረስ እኔ አልቀመጥም፤ ከተቀመጥኩ እሷም ትተዋለች» ትላለች። የማንን ነገር እንደምታወራ አልገባኝም። የሰው ችግር ተሸክማ መዞር አይሰለቻትም፤ በፍየሏ ተደግፋም እንኳ።

ማክሰኞ 30

ልነግራት ወሰንኩ። ሻይ ቀዳሁ፤ ተቀመጥኩ። «እትዬ፣ ያ ያነበብኩልሽ ጽሑፍ…»

«ቅዳሜ እመጣለሁ» አለችኝ።

«የት?»

«ገንዳው ዘንድ ነዋ። አንዴ የዘለለ ሰው ደግሞ መዝለል አያቅተውም። በዓይኔ ልየው።»

«ደረጃውስ?»

«ደረጃው የእኔ ሥራ ነው፣ ውሃው ያንቺ። ሻይሽ በረደ።»

ፈጣሪዬ፣ በአንድ ጠዋት ሁለታችንንም!

ሐሙስ 2

እንቅልፍ የለም። ረቡዕም ሞከርኩ፤ አልሆነም። ካልዘለልኩ በዓይኗ ታየኛለች። ከዚያ እንዴት አድርጌ ተነሺ እላታለሁ?

ቅዳሜ 4

ቀስ ብዬ፣ ከመጀመሪያው ልጻፍ።

ጠዋት ጎረቤቶቹን ልጥራ ስላት «እቃ አይደለሁም» አለች። ፍየሏን ይዤ ወደ ታች እንድቀድማት አዘዘችኝ። በግራ እጇ መደገፊያውን ያዘች። የእግር ሐኪሟ ያስተማራትን ለራሷ ጮክ ብላ ትደግመዋለች፤ «ስወርድ የታመመው ይቀድማል፣ ስወጣ ጤነኛው። ስወርድ የታመመው…» አንድ። ሁለት። ሦስት። ሰባተኛው ላይ ቆመች። ሰባተኛው የወደቀችበት ነው፤ ጠርዙ አሁንም የተሰነጠቀ ነው። እኔ ከታች ሆኜ ወደ ላይ አያታለሁ። ፊቷ አመድ መሰለ። «ተመለሺ፣ ግድ የለም» ልላት አፌ ደረሰ። ዋጥኩት።

እትዬ ደረጃውን አየችው። «አንተ» አለችው፣ እንደ ሰው። «ሠላሳ አምስት ዓመት ረግጬሃለሁ። አንዴ ጣልከኝ። እኩል ነን እንዳትል።» ረገጠችውና አለፈች።

አሥራ አራቱንም ወረደች። ከታች ስትደርስ የፀጉር ቤቷን በር በመዳፏ መታ መታ አደረገችው፤ ሰላምታ መሆኑ ነው።

ገንዳው ጋ ፖስተኛው ወንበር አመጣላት፣ ልክ ከዳሩ አጠገብ። ወዲያው ወዳጅ ሆኑ። «ይቺ እህትዎ ከውሃው ደብዳቤ ትጠብቃለች መሰለኝ፣ ቆማ ትቀራለች» ሲላት ሰምቻለሁ። ፊሽካ ነፋች። ጣቶቼን ዳሩ ላይ አቆላለፍኩ። ዞር ብዬ አየኋት። «ዝለይ» አላለችኝም። «አይዞሽ» አላለችኝም። የታመመ እግሯን በእጇ ይዛ፣ እንዲያው እያየችኝ ነበር።

የታመመው ይቀድማል፣ አልኩ በልቤ። ዘለልኩ።

ውሃው እንደ በር አልተከፈተልኝም። በጥፊ ነው የመታኝ። በአፍንጫዬ ገባ፣ በጆሮዬ ገባ፣ የጻፍኩትን ሁሉ ከአእምሮዬ አጠበው። ወጣሁ። ተነፈስኩ። ከዚያ በእጄም በእግሬም፣ አንዳንዴም በአገጬ፣ ተንፈራገጥኩ። ፊሽካ አጠገቤ በዳር በዳር ስትሮጥ ይታየኛል። መጨረሻው ላይ እንደ ተገለበጠ ጥንዚዛ ሆኜ ነበር። እጄ ግድግዳ ሲነካ ፖስተኛው «ደረሰ!» ብሎ ጮኸልኝ።

እትዬ አልጮኸችም። ተነስታ፣ በፍየሏ፣ የገንዳውን ዙሪያ ተራምዳ መጣች። ማንም አልያዛትም። ፎጣ ጣለችብኝና ፀጉሬን ማድረቅ ጀመረች።

«አሁን ረጠበ» አለች።

«እ?»

«በዚያን ቀን ኮፍያ አልሽኝ። ኮፍያ ያደረገ ሰው እኮ የጆሮ ግንዱ ጋ ያለው ፀጉሩ ይረጥባል፣ የኔ እናት። ያንቺ ገና ከፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር የወጣ ይመስል ነበር። ሠላሳ አምስት ዓመት ምን ስዳስስ የኖርኩ መሰለሽ?»

ፎጣውን ከፊቴ ላይ ገለጥኩ። «ታዲያ ለምን ተነሳሽ?»

«ያን ሁሉ ጽፈሽ ሳትዘይ መምጣትሽ አሳዘነኝ። በልጅነትሽ ፈርተሽ ስትዋሺኝ እንደዚያ ነበር ድምፅሽ። እኔ ተኝቼ አንቺን ድፈሪ ብልሽ ትሰሚኛለሽ? ስለዚህ ተነሳሁ።» የግንባሬን ውሃ ጠረገችው። «ደግሞ የቧንቧ ውሃና የገንዳ ውሃ የማልለይ አደረግሽኝ። እሱ ነው ያናደደኝ።»

አለቀስኩ። ሰው ፊት። ከገንዳ የወጣ ሰው ዓይኑ ይቀላል፣ ማንም አያውቅብኝም።

ለእሷ ብዬ ነው የገባሁት ስል ነበር የሰነበትኩት። እሷ ደግሞ ለእኔ ብላ ነው የተነሳችው። በፀጉሬ ጎትታ ስታወጣኝ ይሄ ሁለተኛዋ ነው።

ሐሙስ 9

መጽሔቱ ወጣ። እትዬ ፀጉር ቤቷ ውስጥ፣ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ፣ መስታወቱን ከፊት ለፊቷ አድርጋ ጮክ ብላ አነበበችው። ተቀምጣ ፀጉሯን በቢጎዲን የምትጠቀልልላት አንዲት ደንበኛ ብቻ ተቀብላለች፤ «ለጊዜው አንድ ይበቃኛል» ብላለች።

«‹ውሃው እንደ በር ተከፈተልኝ›? በጥፊ ነው የመታሽ! እኔ አይቻለሁ።»

ጠዋት ለአለቃዬ ነግሬዋለሁ። ይቆጣል ብዬ ነበር፤ ገጹን ገልጦ ሁለተኛውን አንቀጽ ፈለገ፣ ከዚያ «ነጠላ ሰረዟ!» ብሎ ጠረጴዛውን መታ። የሚቀጥለው ወር ዓምድ እንዲህ ብሎ ይጀምራል፦ «ባለፈው ወር ያነበባችሁትን ስጽፍ አልዘለልኩም ነበር።» ያቺ «አንቺ ራስሽ ምን ደፍረሽ ታውቂያለሽ» ያለችኝ አንባቢ ትጻፍልኝ፤ ከዝላዩ ይልቅ ይሄኛው ከብዶኛል።

ማታ እትዬ የእግር ሐኪሟ ያዘዘላትን ወረቀት አሳየችኝ። ውሃ ውስጥ መራመድ ለዳሌዋ ይጠቅማል ተብሏል። የፊታችን ቅዳሜ ልትገባ ነው። እስከ ወገቧ ብቻ፣ ፍየሏ ዳር ላይ እየጠበቀች፣ ፖስተኛው በአንድ ጎን፣ እኔ በአንድ ጎን። የዋና ልብስ ገዝቼላታለሁ፤ የፊቱና የኋላው እንዳይምታታባት በቀይ ክር ምልክት አድርጌበታለሁ።

«ጻፊው እንግዲህ» አለችኝ፣ ልብሱን እያገላበጠች። «ምን ትያለሽ? ‹እህቴ ገባች›?»

እስክሪብቶዬን አነሳሁ፤ አስቀመጥኩት። መግባቷን ለዚህ ደብተር የምነግረው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው፤ የሁለታችንም ፀጉር ሳይደርቅ።